አጎቴ አይቸኩል በሰው ጦርነት

እናቴ ወንድሟን በስሙ ትጠራዋለች። ከእሷ ሌላ በስሙ የሚጠራው ሰው ግን አላውቅም፤ መናኸሪያው በሙሉ የሚያውቀው «አይቸኩል» በሚለው ቅጽል ነው። ያወጡለት ተሳፋሪዎቹ ናቸው። ዕድሜ ልኩን አውቶቡስ ሲነዳ መኪና ቀድሞ አያውቅም፤ ከኋላ የመጣው ሁሉ ጥሩንባውን እያምባረቀ ያልፈዋል፣ እሱ ደግሞ በመስኮት እጁን አውጥቶ «እለፍ፣ እለፍ» ይላል። አንዴ አንድ ተሳፋሪ፣ «ጋሼ፣ ኧረ ትንሽ ይርገጡት፤ ሠርግ ነው የምሄደው» ቢለው፣ «የሰው ሠርግ ከሆነ ያለ አንተም ይጀመራል፤ የራስህ ከሆነ ደግሞ ያለ አንተ አይጀመርም። ምን አስቸኮለህ?» ብሎት አውቶቡሱ በሳቅ ፈረሰ።

መስመሩ ከእኛ ከተማ ተነስቶ፣ የድንበሩን ድልድይ ተሻግሮ፣ እስከ ጎረቤት አገር ከተማ ነበር። አንድ ቀን ይሄዳል፣ እዚያ ያድራል፣ በማግስቱ ይመለሳል። መጀመሪያ የሚያድረው ሆቴል ነበር፤ ኋላ ሴት ልጁ እዚያው አገባችና ማደሪያው እሷ ቤት ሆነ። አገባቧም ቢሆን የአውቶቡሱ ጣጣ ነው። ልጅት እኛ መናኸሪያ ትኬት ትሸጥ ነበር። ከዚያኛው አገር አንድ ወጣት ዳቦ ጋጋሪ በየሳምንቱ ይመጣል፣ ትኬት ይገዛል፣ ተመልሶ ይሄዳል። አጎቴ በመጨረሻ ግራ ገባውና፣ «አንተ ልጅ፣ ዳቦ ጋጋሪን በየሳምንቱ ድንበር የሚያሻግረው ምን ጉዳይ ነው? እዚያ ዱቄት የለም እንዴ?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ እስከ ጆሮው ቀላ። ሁልጊዜ የሚቀመጠው ከሾፌሩ ኋላ ካለችው ወንበር ላይ ነበር፤ ለካስ ልጅቷን ከመጠየቁ በፊት አባትየውን እየተለማመደ ኖሯል።

ይህን ታሪክ ከአጎቴ አፍ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ አንድም ቀን ግን በቅደም ተከተል ነግሮኝ አያውቅም። ከመሃል ይጀምርና፣ «ቆይ፣ ያኔ ጠላት ነበርን ወይስ ወዳጅ?» ብሎ ራሱን ያክካል። እንዲህ መልክ አስይዤ የደረደርኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ከእኛ በጣም ርቀው፣ ከባሕር ማዶ ባሉ ሁለት ኃያላን አገሮች ነው። በመካከላቸው መርከብ የሚያልፍበት አንድ ጠባብ የባሕር መተላለፊያ አለ፤ እሱ ላይ ይነታረካሉ። ሬዲዮው ሲያወራ አጎቴ ወደ ዘፈን ያዞረዋል። «የራሳቸው ጉዳይ ነው» ይላል። «እኔን የሚመለከተኝ ድልድዩ ነው፤ ድልድዩ ደግሞ ደህና ነው።»

ጦርነቱ ከመታወጁ በፊት በነበረው የመጨረሻ ጉዞ፣ ተሳፋሪዎቹ መንገድ ዳር ካለችው ምግብ ቤት ለምሳ ወረዱ። ግማሾቹ የእኛ አገር ሰዎች፣ ግማሾቹ የጎረቤት ናቸው፤ ሁሉም ያው ስለ ሬዲዮው ያወራል። ከመሃላቸው በጡረታ ላይ ያሉ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ፤ እህታቸውን ሊጠይቁ ነው የሚሄዱት። አጎቴ ሾርባውን እየማሰለ፣ «መምህር፣ እስቲ ያስረዱኝ፤ ይኼ ነገር እኛ ጋ ይደርሳል ነው የሚሉት?» አላቸው።

መምህሩ ሲጠየቁ ደስ አላቸው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ፊታቸው ሰበሰቡ።

«ይኼ የጨው ዕቃ አንደኛው ኃያል አገር ነው። ይኼ ስኳር ሌላኛው። ይቺ ስንጥር ደግሞ መተላለፊያው ዳር ያለችው ትንሿ አገር ናት። ጨው፣ ስንጥርን የነካ እኔን ነካ ብሏል። ስኳር ሊነካት ነው።»

«እሺ፣ እኛስ?»

«እኛ ማንኪያው ነን። ከጨው ጋር ቃል ኪዳን አለን። ጨው ሲወጋ አብረን እንወጣለን።»

«ጎረቤቶቻችንስ?»

«ሹካው። እነሱ ደግሞ ቃል የገቡት ለስኳር ነው።»

አጎቴ ማንኪያና ሹካውን ትክ ብሎ አያቸው። ጎን ለጎን ናቸው። «ታዲያ ማንኪያና ሹካ ምን አጣላቸው?»

«አልተጣሉም።»

«ታዲያ ለምን ይዋጋሉ?»

«ቃል ስላለባቸው።»

«ለማን?»

«ነገርኩህ እኮ፤ እኛ ለጨው፣ እነሱ ለስኳር።»

ይህን ሲሉ አስተናጋጇ መጥታ የጨው ዕቃውን አነሳች። መምህሩ፣ «የኔ ልጅ፣ እሱን ተይው፣ ገና አልጨረስኩም» ቢሏት፣ «ይቅርታ አባቴ፣ ያኛው ጠረጴዛ ሾርባው አልጫ ሆኖባቸዋል» ብላ ይዛው ሄደች። ከጎን የተቀመጠ እንቁላል ነጋዴ፣ «በቃ፣ ኃያሉ አገር ሾርባ ውስጥ ገባ፤ ጦርነቱ ቀረ» አለና ሁሉም ሳቀ። መምህሩ ብቻ አልሳቁም። ስንጥሯን በሁለት ጣታቸው ይዘው ቀሩ።

አጎቴ በዚያን ዕለት እንደ ወትሮው ሴት ልጁ ቤት አደረ። አማቹ ትኩስ ዳቦ ይዞ ገባ፤ የልጅ ልጁ ጉልበቱ ላይ ተኛች። ጠዋት ተነስቶ ወደ መናኸሪያው ሲሄድ አውቶቡሱ በወታደሮች ተከቧል። የመናኸሪያው ኃላፊ ወዳጁ ነው፤ ስንት ዓመት አብረው ሻይ ጠጥተዋል። ዛሬ ግን የአጎቴን ዓይን ማየት አልቻለም። ጉሮሮውን ጠረገና፣

«እንግዲህ… የአገርህ ዜጎች በሙሉ ጠላት ተብላችኋል» አለው።

«ማን? እኔ?»

«አንተ እንኳ… አዎ፣ አንተም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዛሬ ንጋት።»

«ትናንት እኮ አብረን ሻይ ጠጣን!»

ኃላፊው ትንሽ አሰበና፣ «ሻዩ ከአዋጁ በፊት ነው» አለ፤ ይቅርታ የጠየቀ መስሎት።

የእኛ አገር ተሳፋሪዎች በሙሉ አንድ የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ተዘጋባቸው። እንቁላል ነጋዴው የዚያው አገር ሰው ስለነበር ወደ ቤቱ ሄደ፤ መምህሩ ግን ከአጎቴ ጎን ባለው ፍራሽ ላይ ወደቁ። ጠባቂዎቹ ጡረታ ሊወጡ ምንም ያልቀራቸው፣ ወይም ለግንባር የማይሆኑ ተጠባባቂዎች ነበሩ። አንደኛው መናኸሪያው በር ላይ የአጎቴን ፀጉር ሲቆርጥ የኖረ ፀጉር አስተካካይ ነው። ጠመንጃ ሲይዝ እንደ መጥረጊያ ነው የሚይዘው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ አጎቴ ጠጋ ብሎ፣

«ጋሼ፣ ጠላቴ ነዎት ተብሏል፤ ግን ጢምዎ እንዲህ አድጎ ሳየው አላስችል አለኝ» አለ።

«ምላጩን ይዘሃል?»

«መቼ ተለይቶኝ ያውቃል!»

አጎቴ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሰውየው ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ ሳሙናውን አረፋ አስደፈቀ። «እንደ ሁልጊዜው አንገቴን ቀና አድርጌ ሰጠሁት» ይል ነበር አጎቴ ሲነግረኝ። «ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ ግን ‹ጠላት› የሚለው ቃል ትዝ አለኝ። እሱም ትዝ አለው መሰለኝ፣ እጁ ቆም አለ። ተያየን። ከዚያ ‹አይንቀሳቀሱ፣ እቆርጥዎታለሁ› አለኝና ቀጠለ። እንዲያ ለስልሼ የተላጨሁበት ቀን የለም።»

አማቹን በመጀመሪያው ሳምንት ክተት ጠርቶ ወሰደው። የዘመተው እኛን ሊወጋ ነው፤ የእኛ ወንድሞችና ጎረቤቶች ባሉበት ግንባር። ሴት ልጁ ዳቦ ቤቱን ብቻዋን ይዛ ቀረች። ጠዋት ጠዋት ወደ ቀበሌው ሄዳ ከወታደር ሚስቶች ጋር ትሰለፋለች፤ እዚያ «የጀግና ባለቤት» ብለው ቅድሚያ ይሰጧታል። ከሰዓት ደግሞ ዳቦ ይዛ ወደ አዳራሹ አጥር ትመጣለች፤ እዚህ «የጠላት ልጅ» ብለው ገላምጠው ይፈትሿታል። አንዳንዴ ጠዋት ያስቀደማትና ከሰዓት የሚፈትሻት አንድ ሰው ነው።

«አባዬ፣» አለችው አንድ ቀን አጥሩን ይዛ፣ «ስጸልይ ግራ ገባኝ። እሱን ጠብቅልኝ ስል ያንተን አገር ሰዎች መጉዳት እየመሰለኝ፣ ያንተን አገር ሰዎች ስል ደግሞ እሱን…»

«ማሸነፉን ተይው» አላት አጎቴ። «ማን እንደሚያሸንፍ እኛን ማን ጠየቀን? ለሰዎቹ ጤና ብቻ ለምኚ።»

«ጤና ብቻ ብዬ ብተወው የሚሰማ ይመስልሃል?»

«እኔ እንጃ ልጄ። እኔ ሹፌር ነኝ።»

መምህሩ ግን ነገሩን ለመረዳት መሞከራቸውን አልተዉም ነበር። ከየት እንዳገኙት እንጃ፣ በጠመኔ የአዳራሹ ወለል ላይ አገሮቹን ክብ ክብ እያደረጉ ሳሉ፤ ማን ለማን ቃል እንደገባ በቀስት አገናኙ። አዲስ ወሬ በተሰማ ቁጥር ቀስት ይጨምራሉ። ቅኝ የተገዙት፣ ጦር ሰፈር ያከራዩት፣ ገለልተኛ ነን ብለው መሣሪያ የሚሸጡት፣ ሁሉም ክብ ክብ አላቸው። እስረኞቹ ወደ መጸዳጃ ሲሄዱ ክቦቹን እንዳይረግጡ በእግር ጣታቸው ቆመው ያልፋሉ። «አየህ፣» ይሉታል አጎቴን፣ «እያንዳንዱን ለብቻው ስታየው ጤነኛ ነው። ይኼ ፈርቶ ከዚያ ጋር ተጠጋ፤ ያኛው እነዚህ ሁለቱ ሲጠጋጉ አይቶ ፈራ። ማንም እብድ የለም። ሲደመር ነው እብደት የሚሆነው።» አጎቴ ቀስቶቹን ይከተላል፣ ይከተልና ተመልሶ የጀመረበት ክብ ላይ ይደርሳል። መንገድ እንደጠፋው ሰው ይተወዋል።

ዝናቡ ወጥቶ ብርዱ ሲገባ፣ አንድ ጠዋት የአዳራሹ በር ወለል ብሎ ተከፈተ። ፀጉር አስተካካዩ እየሮጠ ገባና አጎቴን አቀፈው።

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ወዳጅ ሆነናል!»

«ማን ከማን?»

«እኛ ከእናንተ! ስኳሩ…» የመምህሩን ቋንቋ ጠባቂዎቹም ለምደውት ነበር፤ «ስኳሩ ለእኛ ሊሰጠን ቃል የገባውን ወደብ ለሌላ ሰጠብን። ስለዚህ ትተነው ወደ ጨው ዞርን። ከዛሬ ጀምሮ ጠላታችን ስኳር ነው።»

«እንዴ፣ ታዲያ እስካሁን የሞቱትስ?»

ፀጉር አስተካካዩ ፈገግታው ሳይጠፋ ቆመ፤ ጥያቄው ገና አልገባውም ነበር። ከዚያ ገባው መሰል፣ ወደ ጫማው አየ። መምህሩ ወለሉ ላይ ተንበርክከው ቀስቶቻቸውን በእጅጌያቸው መጥረግ ጀመሩ። አንዱን ይጠርጋሉ፣ ሌላ ይስላሉ፣ እሱን ይጠርጋሉ። በኋላ ጠመኔውን ጣሉና ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ወደ አገራቸው እስኪመለሱ ድረስ ስለ ጦርነቱ አንድ ቃል አልተናገሩም።

የሾፌር እጥረት ነበር። አንድ የመቶ አለቃ መጥቶ አጎቴን በአክብሮት ጨበጠውና፣ «ወዳጃችን፣ አውቶቡስዎ አለ፤ ወታደር ወደ ግንባር ያመላልሱልናል» አለው። አጎቴ ትናንት ያሰሩትን ሰዎች ዛሬ መጫን ከብዶት ነበር፤ ነገር ግን አማቹ ግንባር ነው፣ ወሬው ከጠፋ ቆይቷል፣ ልጁ በየቀኑ ዓይኗ አብጦ ነው የምትመጣው። እሺ አለ። አውቶቡሱን ጭቃ የመሰለ ቀለም ቀብተውታል። መስተዋቱ ላይ ያንጠለጠለው የልጅ ልጁ ፎቶ ግን ያው ነበረ፤ ማንም አልነካውም።

የጫናቸው ወታደሮች ልጆች ናቸው። አንዱ ወደ ጋቢናው ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ አሁን የምንተኩሰው ወደየት ነው?» አለው። አጎቴ፣ «አዛዥህን ጠይቅ» አለው። «ጠየቅነው፤ ስትደርሱ ይነገራችኋል አለን።» ከኋላ የተቀመጠ ሌላው፣ «ባለፈው ስንደርስ የተነገረንን ነው እኮ አሁን አትተኩሱበት የሚሉን» አለ። ማንም አልሳቀም። አጎቴም እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ ነዳ፤ በዚያ ጉዞ ይርገጡት ያለው ሰው አልነበረም።

በየደረሰበት አማቹን ይጠይቃል። የጦር ክፍሉን ይናገራል፣ ስሙን ይናገራል፣ ዳቦ ጋጋሪ ነው ይላል። በስተመጨረሻ ሆስፒታል ካደረጉት አንድ የሳሙና ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ አገኘው። ቁስለኞቹ የተኙት ሳሙና በሚደርቅባቸው መደርደሪያዎች መካከል ነው። ቦታው ሁሉ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። አማቹ ግራ እግሩ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ አጎቴን ሲያይ ተነስቶ ሊቀመጥ ሞከረና፣

«አባባ! እርስዎ ነዎት? ጮክ ብለው ያውሩኝ፣ አልሰማም!» ብሎ ጮኸ። መጋዘኑ በሙሉ ዞሮ አያቸው። ሁለቱም ጆሮዎቹ ደንቁረው ነበር።

አጎቴ እጁን ይዞ ተቀመጠ። ልጁ ማውራት ጀመረ፤ የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ይጮሃል።

«ያን ቀን ጠዋት አዛዣችን መጣና፣ ፊት ለፊታችን ያሉት የእናንተ ሰዎች ከአሁን በኋላ ወዳጆች ናቸው፤ ጠላት በስተግራ አብረውን የነበሩት ናቸው አለን። እሺ ብለን መድፉን ወደ ግራ ማዞር ጀመርን። የእናንተዎቹ ወሬው አልደረሳቸው ይሆናል፤ ስንዞር ሲያዩ ሊተኩሱብን ነው ብለው ይሆናል። የግራዎቹ ደግሞ ወሬው ቀድሟቸው ይሆናል። አላውቅም አባባ። የሆነ ነገር ወደቀ።»

አጎቴ ወደ ጆሮው ተጠግቶ፣ «ከየት በኩል መጣ?» ብሎ ጮኸ።

«ከላይ!» አለ ልጁ።

አጎቴ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ይለወጣል። «መቆጣት ፈለግሁ» ይላል። «ማንን ልቆጣ? የእኔ አገር ሰው ነው የመታው ብል፣ አላወቀም ይሆናል። እነዚያ ናቸው ብል፣ እነሱም ትናንት ጓደኞቹ ነበሩ። አዛዡን ብል፣ እሱም የታዘዘውን ነው ያዘዘው።» በመጨረሻ የተቆጣው ነርሷን ነው። ሾርባው ቀዝቅዟል ብሎ ጮኸባት። ነርሷ ሳህኑን አንስታ ሄደች፤ አሙቃ ስትመልሰው አጎቴ አፍሮ ጠረጴዛው ስር ሊገባ ደረሰ። «እህቴ፣ ይቅር በይኝ» አላት። «አንቺ ምን አደረግሽ።»

በሚመለሰው ቁስለኛ ጭነት ላይ አማቹን ጨምሮ ይዞት ገባ። ሴት ልጁ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ዱቄት በዱቄት ሆና ቆማ ነበር። ባሏን ከመውረጃው ላይ ተቀበለችውና አቅፋ ጆሮው ውስጥ የሆነ ነገር ተናገረች። እሱም፣ «ምን አልሽ?» ብሎ ጮኸ። ሕፃኗ ከጩኸቱ ደንግጣ አልቅሳ አያቷ እግር ስር ተወሸቀች። አባቷ እየተቆጣት እንዳልሆነ፣ የማይሰማ ሰው እንዲህ እንደሚናገር እስክትለምድ ብዙ ጊዜ ፈጀ።

ጦርነቱ በተጀመረበት ሁኔታ አለቀ፤ ማለትም በሬዲዮ። ሁለቱ ኃያላን አገሮች መተላለፊያውን በጋራ ሊጠቀሙበት ተስማሙ ተባለ። አጎቴ ያን ጊዜ ወደ አገሩ ተመልሶ ሚስቱ ጋ ደርሶ ነበር። የእሷ ነገር ደግሞ ሌላ ነው፤ ባሏ ጠላት አገር በቀረ ጊዜ ጎረቤቶቿ ሰላምታ ነፍገዋት፣ «እዚያው ተመችቶት ነው» ሲሉ ሰምታለች። ያ አገር ወዳጅ ሲሆን ደግሞ እነዚያው ጎረቤቶች «እንኳን ደስ አለሽ» ሊሏት መጡ። ሰላሙ የተነገረ ዕለትም እነሱው ተቀምጠው ዜናውን አብረው ሰሙ። አጎቴ ሬዲዮውን ዘጋና፣ «መጀመሪያውኑ እንዲህ ማድረግ አይቻልም ነበር?» አለ። አንዱ ጎረቤት፣ «ያኔ አይቻልም ነበር ይላሉ» አለ፤ ለምን እንደማይቻል ግን አላወቀም። ከዚህ ሰፈር የሄዱት ልጆች ስንቶቹ እንዳልተመለሱ ሁሉም ያውቃል፤ በዚያን ዕለት ግን ስማቸውን ያነሳ አልነበረም።

አጎቴ መስመሩ ሲከፈት ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ሌላ ሥራ አያውቅም። አውቶቡሱ የድሮ ቀለሙን ተቀባ። አማቹ ዳቦ ቤቱን ይዟል፤ ምድጃው ዳቦ ሲበስል የሚሰጠውን ድምፅ ስለማይሰማ መብሰሉን በመዓዛው ነው የሚለየው። ወንድ ልጅም ወለዱ። ሁለቱ አማቾች በእጅ ምልክት መግባባት ተለማምደዋል፤ ሴት ልጁ «ከድሮው የበለጠ ነው የምታወሩት» ትላቸዋለች።

አንድ ነገር ግን አጎቴ ላይ ቀረ። ድልድዩ ጋ ሲደርስ ሞተሩን ያጠፋና ይወርዳል፤ ወደ ኬላው ሄዶ ጠባቂውን፣ «ዛሬ እንዴት ነን?» ይለዋል። «ደህና ነን ጋሼ፣ ይለፉ» ይሉታል። የሚያውቁት ይስቃሉ። እሱ ግን መልሱን ሳይሰማ አይነዳም።

እኔ አብሬው በሄድኩበት አንድ ቀን ጠባቂው አዲስ ልጅ ነበር። አጎቴ «ዛሬ እንዴት ነን?» ሲለው ልጁ ግራ ተጋባ።

«ምኑ ነው እንዴት?»

«እኛና እናንተ።»

ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። ሊያውቀው ሲገባ ያልነገሩት ነገር ያለ መሰለው። «ቆይ አለቃዬን ልጥራ» ብሎ ገባ። አለቅየው ወጣ፤ ጎልማሳ ሰው ነው፣ ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሳቀም። አጎቴን አየው፣ አውቶቡሱን አየው፣ ከወዲያ ማዶ ያለውን የእኛን ኬላ አየና፣ «አንድ ጊዜ ልደውል» አለ።

እስኪደውል ጠበቅን። አውቶቡሱ ውስጥ አንዲት እናት ልጇን ወደ ጉልበቷ ስባ አስቀመጠች። ስልኩ ቶሎ አልተነሳለትም። ከዚያ ተነሳ፣ ተነጋገሩ፣ ሰውየው ወጥቶ «ይለፉ» ሲል እጁን አወዛወዘ። አጎቴ ወደ መሪው ተመልሶ ሞተሩን አስነሳ። ምን እንዳሉት ጠየቅኩት።

«ለጊዜው ወዳጆች ናችሁ አሉት» አለኝና ማርሹን አስገባ።

በዚያን ዕለት ዘግይተን ገባን። ሴት ልጁ ምሳውን ሁለት ጊዜ አሙቃ ጠብቃው ነበር።